አይሜሴጅ ስልክ ቁጥሬን አልቀበል አለኝ፤ ሌላው ሁሉ ይሠራል

ረጅም ጻፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አይፎን ነው የምጠቀመው። በቅርቡ የምሠራበት ድርጅት በራሱ ስም ያወጣውን መስመር ስለሰጠኝ የግል ሲም ካርዴን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ አይሜሴጅ (የአፕል በኢንተርኔት የሚሄድ የመልእክት አገልግሎት) በስልክ ቁጥሬ አልጀምር ብሎኛል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ማብሪያውን ስነካው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከሥሩ «ዌይቲንግ ፎር አክቲቬሽን» ይልና እዚያው ላይ ይቀራል። ሲሰለቸው ደግሞ «አክቲቬሽን አንሰክሰስፉል» ብሎ ማብሪያውን ራሱ ያጠፋዋል። የአፕል የቪዲዮ ጥሪ የሆነው ፌስታይምም እንደዚሁ በኢሜይል አድራሻዬ ይሠራል፣ በቁጥሬ ግን እምቢ አለ።

ግራ ያጋባኝ ሌላው ሁሉ ደኅና መሆኑ ነው። ዋትስአፕንና ቴሌግራምን በዚሁ አዲስ ቁጥር አስጀምሬአለሁ፤ የማረጋገጫው ኮድ ቁጥሬን አስገብቼ ሳልጨርስ ነው የደረሰኝ። ለባልደረቦቼ ተራ አጭር መልእክት እልካለሁ፣ እቀበላለሁም። የዳታ ጥቅሉ አላለቀም። የስልኩ ሶፍትዌር የመጨረሻው ነው፤ ሰዓቱና ቀኑም ራሱን እንዲያስተካክል ተደርጓል። የአፕልን የአገልግሎት ሁኔታ ገጽ ከፍቼ ባይም ሁሉም አረንጓዴ ምልክት ነው።

«ዋትስአፕ ካለሽ ምን ቸገረሽ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሥራ የምጻጻፋቸው አብዛኞቹ ሰዎች የሚጽፉልኝ በአይሜሴጅ ነው። እኔም የምጽፈው በፊደላችን ነው፣ ያውም ረጅም። አይሜሴጅ ሲጠፋ ስልኩ ጽሑፌን ወደ ተራ አጭር መልእክት ይቀይረዋል፤ ፎቶግራፍና ሰነድማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

የተበላሸው ስልኩ ነው ወይስ አካውንቴ? ከየት ልጀምር?


ችኩል፦

እኅቴ፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ አትጨነቂ። መጀመሪያ አጥፍተሽ አብሪው። ካልሆነ ከአፕል አካውንትሽ ውጪና እንደገና ግቢ። እሱም ካልሆነ የኔትወርክ ሴቲንጉን ወደ ነበረበት መልሺው። የመጨረሻው መፍትሔ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጽድቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የወንድሜ ስልክ በዚህ መንገድ ነው የተስተካከለው።


መስመር ፈታሽ፦

ስልክዎን እንዳያጸዱት። መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ ይታወቅ፤ ማጽዳቱ የትም አይሄድም።

ጥያቄዎን ደግሜ አነበብሁት፤ የመልሱ ግማሽ እርስዎ በጻፉት ውስጥ አለ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ የቴሌኮም ኩባንያ የአጭር መልእክት ክፍል ውስጥ እሠራ ስለነበር እንዲህ ያለውን ነገር የማየው ከስልኩ በኩል ሳይሆን ከመስመሩ በኩል ነው። ሰዎች ስለ አይሜሴጅ ሲያማርሩ ስልኩን ነው የሚወቅሱት። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው መልእክቱ የት ላይ እንደቀረ ነው።

«የትኛው መልእክት?» ይሉኝ ይሆናል። ማብሪያውን በነኩ ቁጥር ስልክዎ እርስዎ የማያዩትን አንድ አጭር መልእክት ጽፎ ወደ አፕል ይልካል። በተላኩ መልእክቶች ዝርዝር ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም፤ በድብቅ ነው የሚሄደው። ይህን የሚያደርገው ቁጥርዎ የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ስልኩ «ቁጥሬ ይህ ነው» ብሎ በኢንተርኔት ቢናገር የሚያምነው የለም፤ ማንም የሌላውን ቁጥር ጽፎ ሊልክ ይችላል። በአጭር መልእክት ሲላክ ግን የላኪውን ቁጥር የሚለጥፈው ስልኩ ሳይሆን የቴሌኮሙ ኔትወርክ ነው። አፕል ያንን ቁጥር ያነባል፣ ከመሣሪያዎ ጋር ያገናኘዋል፣ ማረጋገጫም ይመልሳል። «ዌይቲንግ ፎር አክቲቬሽን» ማለት እንግዲህ ስልክዎ ደብዳቤውን ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ደብዳቤው ካልወጣ መልስ አይመጣም።

አሁን ዋትስአፕንና ቴሌግራምን ይመልከቱ። እነርሱ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ኮድ ወደ እርስዎ ይልካሉ፣ እርስዎ ያስገባሉ፣ አለቀ። እነዚያ መጥተው በርዎን ያንኳኳሉ፤ አይሜሴጅ ግን እርስዎ ወጥተው እንዲያንኳኩ ይፈልጋል። ስለዚህ የዋትስአፕ መሥራት የሚያረጋግጠው መልእክት መግባቱን ብቻ ነው፤ ስለ መውጣቱ የሚነግርዎ አንዳች ነገር የለም። በጂኤስኤም (በሞባይል ኔትወርክ) ደንብ ውስጥ መልእክት መቀበል 21 ቁጥር፣ መልእክት መላክ ደግሞ 22 ቁጥር አገልግሎት ተብለው የተመዘገቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ተከፍቶ ሌላው ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለ መስመር በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ «መልእክት ይሠራል» ብለው ነው የሚከራከሩት።

«ለባልደረቦቼ እልካለሁ» ብለዋል፤ ልክ ነው፣ መላክ ተከፍቷል። ግን ባልደረቦችዎ ያሉት እዚያው አገር ውስጥ ነው። የአፕል የምዝገባ መልእክት መዳረሻ በብዙ አገር የውጭ አገር ቁጥር ነው። በወር ሂሳባቸው ላይ በብሪታንያ ኮድ የሚጀምር የማያውቁት ቁጥር አይተው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፤ ስልካቸው ተጠለፈ ብለው ሲም ካርድ የቀየሩም አውቃለሁ። ያ ቁጥር ይኸው የምዝገባው መልእክት ነው። አፕል ራሱ አገልግሎቱን ለማስጀመር አጭር መልእክት እንደሚያስፈልግና ኩባንያው ሊያስከፍል እንደሚችል በግልጽ ጽፏል።

እንግዲህ ጥርጣሬዬ ይህ ነው፦ ከመስመርዎ ወደ ውጭ አገር አጭር መልእክት አይወጣም። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ቅድመ ክፍያ መስመር ከሆነ ጥቅሉ የሚሸፍነው የአገር ውስጥ መልእክትን ነው፤ የውጭው የሚቆረጠው ከዋናው ሂሳብ ነውና ዋናው ሂሳብ ባዶ ከሆነ መልእክቱ በሩ ላይ ይቀራል። «ጥቅል አለኝ» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋና ሂሳብ የለውም። ድኅረ ክፍያ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ እንደ እርስዎ በድርጅት ስም የወጣ ከሆነ፣ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ የውጭ አገር ጥሪና መልእክት ገና ከመጀመሪያው እንዲታገድ ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለምና ሁለት ነገር ይሞክሩልኝ። የቀድሞው ሲም ካርድዎ በእጅዎ ካለ ለጊዜው ይመልሱትና አይሜሴጅን ያብሩ። በእሱ ከጀመረ ስልኩም፣ አካውንቱም፣ አፕልም ነጻ ናቸው፤ የቀረው መስመሩ ብቻ ነው። በእሱም እምቢ ካለ የእኔ ሐሳብ ተሳስቷልና ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ቀጥሎ አዲሱን ሲም አስገብተው ውጭ አገር ለሚኖር ለሚያውቁት ሰው ተራ አጭር መልእክት ይላኩ። ከመላክዎ በፊት አይሜሴጅን ያጥፉት፤ ያለበለዚያ በኢሜይል አድራሻዎ በኩል በኢንተርኔት ሄዶ ያታልልዎታል። የመልእክቱ አረፋ አረንጓዴ መሆን አለበት፤ አረንጓዴ ተራ አጭር መልእክት፣ ሰማያዊ ደግሞ አይሜሴጅ ነው።

እስከዚያው ድረስ ማብሪያውን ደጋግመው አይነካኩት። እያንዳንዱ ማብራት አዲስ መልእክት ሊያስልክ ይችላል፣ እያንዳንዱም ሊያስከፍል ይችላል። አፕል ለዚህ ሥራ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል፤ ሰዉ ግን በየደቂቃው ያጠፋዋል፣ ያበራዋል።

ስለ ሰዓቱና ቀኑ የጻፉት ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ይህ ምክር ለምን እንደሚሰጥ ስለማያውቅ ይንቀዋል። ስልኩና ሰርቨሩ የሚተማመኑት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ባለው ዲጂታል ምስክር ወረቀት ነው። የስልኩ ቀን ከተሳሳተ የሚሠራው ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ወይም ገና ያልደረሰ ይመስለዋልና ግንኙነቱን ይቆርጣል። የእርስዎ ግን ያ አይደለም፤ በኢሜይል አድራሻዎ መሥራቱ ኢንተርኔቱም አካውንቱም ደኅና መሆናቸውን ይመሰክራል።


ችኩል፦

የወንድሜ ስልክ ግን ሲጸዳ ነው የሠራው። ይህንን ምን ትለዋለህ?


መስመር ፈታሽ፦

ስልኩን ለማጽዳትና መልሶ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ሳይፈጅበት አልቀረም፤ በዚያ መካከል አፕል መልሱን ልኮ ሊሆን ይችላል። ወይም በሥራ ቦታ ዋይፋይ ላይ የነበረው ስልክ ቤት ገብቶ በሌላ መስመር ተገናኝቶ ይሆናል። የአፕል የማሳወቂያ አገልግሎት የሚጠቀመው 5223 የተባለውን ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ በር) ነው፣ ያ ሲዘጋበት ደግሞ 443ን። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ይህንን ይዘጋል ወይም ይመረምራል፤ ቪፒኤንም እንደዚያው ሊያደናቅፍ ይችላል። ስልኩ በዚያ ዋይፋይ ላይ እያለ አይመዘገብም፤ በሞባይል ዳታ ሲሆን ይመዘገባል። ወንድምህ ስልኩን ከማጽዳቱ በፊት ዋይፋዩን አጥፍቶ ሞክሮ እንደሆነ ብትጠይቀው ደስ ይለኛል።

የኔትወርክ ሴቲንግን መመለስ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንና የቪፒኤን ቅንብርን እንደሚደመስስ አስቀድሞ ማወቅ ነው እንጂ። ስልክ ማጽዳት ግን ስልኩ ውስጥ የሌለን ችግር አያወጣም።


ረጅም ጻፊ፦

ሁለቱንም ሞከርሁ።

የድሮው ሲም ሲገባ አይሜሴጅ በቁጥሬ ወዲያው ጀመረ። ተገርሜ ቁጭ አልሁ፤ ስልኩ ያው፣ አካውንቱ ያው። ከዚያ አዲሱን መልሼ፣ አይሜሴጅን አጥፍቼ፣ ውጭ አገር ለምትኖር ጓደኛዬ «ሰላም ነሽ?» ብዬ ጻፍሁ። ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ወጣና «ኖት ዴሊቨርድ» አለኝ። አገር ውስጥ ብልክ ግን ይሄዳል። መስመሩ ድኅረ ክፍያ ነው፤ ሂሳቡን ድርጅቱ ነው የሚከፍለው።

ወደ ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ደወልሁ። አይሜሴጅ እንደማይሠራልኝ ስነግራቸው «እሱ የአፕል ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብለው ሸኙኝ። የአፕል ድጋፍ ዘንድ ስጠይቅ ደግሞ «የቴሌኮም ኩባንያዎን ያነጋግሩ» ነው ያሉኝ። አሁን ወዴት ልሂድ?


መስመር ፈታሽ፦

እንግዲህ ችግሩ ተገኘ። የቀረው ቋንቋው ብቻ ነው።

ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ አይሜሴጅ የሚባል ነገር አይንገሩት። ሠራተኛው ፊት ለፊቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ አይሜሴጅ የሚል ሳጥን የለም፤ የሌለውን ነገር ሊያበራልዎ አይችልም። በስሙ የሚያውቀው የአፕልን ምርት ስለሆነ ወደ አፕል ይመራዎታል፤ አልዋሸም፣ ሰነፍም አይደለም። ያለው ሳጥን የውጭ አገር ወጪ አገልግሎት የተፈቀደ ወይም የታገደ መሆኑን የሚያሳየው ነው። ስለዚህ እንዲህ ይበሉ፦ «ከዚህ መስመር ወደ ውጭ አገር አጭር መልእክት ብልክ አይሄድም። አገር ውስጥ ይሄዳል። በመስመሩ ላይ የውጭ አገር መልእክት እገዳ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱልኝ።» ለጓደኛዎ የላኩትን ሰዓትና የመዳረሻውን አገር ይጨምሩበት። ሰዓትና መዳረሻ ካለው አቤቱታው ወደ ቴክኒክ ክፍል ሲተላለፍ መዝገብ ላይ ተፈልጎ ይገኛል። «አይሠራም» ብቻ ከሆነ ግን የሚፈለግ ነገር የለውም።

መስመሩ በድርጅቱ ስም ስለሆነ እርስዎ ቢጠይቁም አይከፍቱልዎትም ይሆናል። በውሉ ላይ የተፈቀደለት ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የፋይናንስ ወይም የአስተዳደር ኃላፊ፣ በደብዳቤ መጠየቅ ይኖርበታል። የውጭ አገር ጥሪ እንዲከፈት መጠየቅ አያስፈልግም፤ የመልእክቱ ብቻ ይበቃል። ኃላፊው ስለ ወጪ ቢሰጋ ምዝገባው የሚያስፈልገው በየጊዜው ሳይሆን ሲም ሲቀየር፣ ስልክ ሲቀየር ወይም አንዳንዴ ሶፍትዌር ሲሻሻል መሆኑን ይንገሩት።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። እገዳ የለም ተብሎም መልእክት የማይወጣ ከሆነ፣ በተለይ አገር ውስጥም የማይሄድ ከሆነ፣ የመልእክት ማዕከሉን ቁጥር ተመልከቱ። በአይፎን የመደወያ ገጽ ላይ *#5005*7672# ብላችሁ ስትደውሉ በሲሙ ላይ የተጻፈው የማዕከል ቁጥር ይታያል። ባዶ ከሆነ ወይም የሌላ ኩባንያ ከሆነ መልእክቱ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ትክክለኛውን ቁጥር ከኩባንያው ጠይቁ፤ ኢንተርኔት ላይ ከተለጠፈ ዝርዝር አትቅዱ። አሮጌ ሲም ካርድ ከሆነ መቀየሩ ይቀላል። ለዳታ ብቻ የተሸጠ ሲም ወይም ኢሲም ያላችሁ ደግሞ አትድከሙ፤ አጭር መልእክት መላክ በማይችል መስመር ቁጥር አይመዘገብም፤ በኢሜይል አድራሻ ተጠቀሙ።


አረንጓዴ፦

ይቅርታ፣ በመካከል ልግባ። የእኔ ስልክ አንድሮይድ ነው። በጉግል ሜሴጅስ ውስጥ አርሲኤስን ሳበራ «ሴቲንግ አፕ» ብሎ ይቀራል። ይህም የውጭ አገር መልእክት ጉዳይ ነው?


መስመር ፈታሽ፦

አይመስለኝም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አርሲኤስ ተራውን አጭር መልእክት እንዲተካ የታሰበ፣ በኢንተርኔት የሚሄድ የመልእክት ሥርዓት ነው። አርሲኤስ የአንድ ኩባንያ ሳይሆን የሞባይል ኦፕሬተሮች ማኅበር የሆነው የጂኤስኤምኤ ደረጃ ነው። ሁሉም ተግባብቶ የሚሠራበት ወጥ መግለጫ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ወጣ። ኩባንያው የራሱን ሰርቨር ካላቆመ በብዙ ቦታ የሚያገለግለው ጂብ የተባለው የጉግል ሰርቨር ነው።

የእርስዎን በዚህ አቅጣጫ ይፈልጉ። ጉግል ሜሴጅስ የስልኩ ዋና የመልእክት መተግበሪያ ሆኖ መመረጥ አለበት፤ ስልኩ ጋር የመጣው ሌላ መተግበሪያ ተመርጦ ከሆነ አርሲኤስ አይነሳም። «ካሪየር ሰርቪስስ» የሚባል ብቻውን የማይታይ መተግበሪያ አለ፤ እሱን ያሻሽሉ፣ ካልሆነም ያጠራቀመውን ዳታ አጥፍተው ስልኩን ያስነሱት። በማረጋገጡ ጊዜ ዋይፋይን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሁኑ። ሁለት ሲም ካለ ለዳታ የተመረጠው ሲምና አርሲኤስ የሚፈልጉበት ሲም አንድ ይሁን። ስልኩ ሩት የተደረገ (የሲስተሙ ጥበቃ የተከፈተ) ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ይተዉት፤ ጉግል በእነዚህ ስልኮች ላይ አርሲኤስን እንደሚከለክል በ2024 አረጋግጧል። መከልከሉን ግን ስልኩ ላይ ጽፎ አይነግርዎትም፤ ሰው ለቀናት የሚደክመው ለዚህ ነው።

አይፎን ላይ አርሲኤስ የመጣው በመስከረም 2024 እንደ ፈረንጆቹ፣ ከአይኦኤስ 18 ጋር ነው። እዚያ ማብሪያው እንኳ የሚታየው ኩባንያው ከደገፈው ብቻ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ከሌለ የተበላሸ ነገር የለም፤ አልቀረበልዎትም ማለት ነው።


ረጅም ጻፊ፦

በደብዳቤ ነው የተከፈተው። የአስተዳደር ኃላፊያችን መጀመሪያ «የውጭ መልእክት ለምን አስፈለገሽ?» ብሎ ዓይኑን አጠበበ። እርስዎ ያሉትን ነገርሁትና ፈረመ። ኩባንያው እገዳውን ሲያነሣ አይሜሴጅንና ፌስታይምን አጥፍቼ፣ ስልኩን ዘግቼ ከፍቼ፣ አንድ ጊዜ አበራሁና ተውሁት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ከቁጥሬ ጎን ምልክቱ ተቀምጧል።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። የምጽፍላቸው ሰዎች የእኔ መልእክት ከኢሜይል አድራሻዬ እንደሚደርሳቸው ይነግሩኛል። አንዱ «ማን ልበል?» ብሎ መለሰልኝ፤ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል።


መስመር ፈታሽ፦

ያ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሜሴጅስ፣ ከዚያ «ሴንድ ኤንድ ሪሲቭ» ውስጥ ይግቡ። በአይኦኤስ 18 ወይም ከዚያ ወዲህ በወጣው ከሆነ ሜሴጅስን የሚያገኙት «አፕስ» በሚለው ሥር ነው። ከታች «ስታርት ኒው ኮንቨርሴሽንስ ፍሮም» የሚል ክፍል አለ፤ ቁጥሩ ታግዶ በነበረበት ጊዜ ስልኩ ኢሜይሉን መርጦ ቆይቷል። ቁጥርዎን ይምረጡ። በኢሜይሉ የተጀመሩት የቆዩ ንግግሮች ግን እንደ ተጀመሩ ሊቀጥሉ ስለሚችሉ ለእነዚያ ሰዎች አዲስ መልእክት ይጀምሩላቸው።

ስለ ፊደላችን መጀመሪያ ያነሡት ነገር ስላለ ልመልስበት፤ የዘመኔ ሥራ ነውና ዝም ማለት አልሆንልህ አለኝ። ተራ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ሆሄ ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ 70 ብቻ ነው። ጽሑፉ ረዝሞ ከተከፈለ በየክፍሉ ማገጣጠሚያ ምልክት ይጨመርበትና ወደ 67 ይወርዳል። አንድ የ300 ሆሄ አንቀጽ በላቲን ሁለት መልእክት፣ በእኛ ፊደል አምስት ይሆናል ማለት ነው፤ የሚከፈለውም በአምስት ነው። በላቲኑ መካከል አንዲት «ሀ» ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ሥርዓት ይዞራል። ሰዎች አማርኛን በላቲን የሚጽፉት በስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የሂሳብ ደረሰኙን አይቻለሁ።


ችኩል፦

ወንድሜን ጠየቅሁት። ሥራ ቦታ ዋይፋይ ላይ ነበር።


አረንጓዴ፦

የእኔም ተነሣ፤ ዋናው መተግበሪያ ሌላ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ እኅቴ አይፎኗን ሸጣ ወደ አንድሮይድ ዞራለች። አይፎን ያላቸው ጓደኞቿ የሚልኩላት ግን አይደርሳትም። እሷ ስትልክ ይሄዳል።


መስመር ፈታሽ፦

ቁጥሯ አሁንም አፕል ዘንድ እንደ አይሜሴጅ ተመዝግቦ ነው። የጓደኞቿ ስልኮች በአረንጓዴ መላክ ሲገባቸው በሰማያዊ ይልኩና መልእክቱ ወደ ሌለ ስልክ ይሄዳል። ስልኩን ከመሸጧ በፊት አይሜሴጅን ብታጠፋው ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ስልኩ በእጇ ስለሌለ በአፕል ድረ ገጽ ላይ ቁጥርን ከአይሜሴጅ ማስወጫ የሚለውን ገጽ ትክፈት፤ ከ2014 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ አለ። ቁጥሯን ታስገባለች፣ ኮድ በአጭር መልእክት ይላክላታል፣ ኮዱን ስታስገባ ይለቃታል። ይህኛው ኮድ ወደ እሷ የሚመጣ ስለሆነ የውጭ አገር መልእክት ቢታገድባትም ችግር የለውም። ጓደኞቿም የቆየውን ንግግር ሰርዘው አዲስ ቢጀምሩላት ቶሎ ይስተካከላል።